ግንባሩን ይዩ

ዶክተር ቶሪካ ሁለት ጣቶቿን ከሕፃኑ ሆድ በላይ በተሰቀለው ከረጢት አናት ላይ አሳርፋ ቀስ እያለች ወደ ታች መግፋት ጀመረች። ኬሌራ በየማለዳው እንደምታደርገው የምትከታተለው ጣቶቹን ነበር፤ ዛሬ ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ቀረ የሚለውን። ሲስተር ፕራኒታ ፎጣውን ልታስተካክል ጎንበስ ስትል ግን ትከሻዋ ጋረዳት። ጣቶቹን ማየት ሲያቅታት ዐይኗ የልጇ ፊት ላይ ዐረፈ።

አፉ ተከፍቷል። የከንፈሩ ዳርና ዳር ወደ ታች ተጎትቶ አገጩ ይንቀጠቀጣል። ዐይኖቹን ጥብቅ አድርጎ ጨፍኗል። ከአፍንጫው ሥር እስከ ጉንጩ ጥልቅ መስመር ወጥቷል፤ ግንባሩ የሽማግሌ ግንባር ይመስል ተቋጥሯል። ድምፅ ግን የለም። የሚሰማው የመተንፈሻ ማሽኑ ትንፋሽና ጣሪያውን የሚመታው የሱቫ ከተማ ዝናብ ብቻ ነው።

"ዶክተር፣" አለች ኬሌራ፣ "እያለቀሰ ነው።"

የዶክተሯ ጣቶች ባሉበት ቆሙ። የሕፃኑን ፊት አየች፣ ከዚያም ቀና ብላ ፕራኒታን አየቻት። ፕራኒታ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

"ለዛሬ ይብቃን፣" አለች ዶክተር ቶሪካ። "ሲስተር፣ ማስታገሻውን አሁኑኑ ጨምሪለት።"

ልጁ ሲወለድ አንጀቱ ከእትብቱ አጠገብ ባለች ቀዳዳ ወጥቶ ከሆዱ ውጭ ነበር። በዚያው ሰዓት ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው ከበላዩ ሰቀሉት፤ ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ትንሽ ትንሽ ወደ ሆዱ ይመልሱለታል። ኬሌራ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ፋብሪካ ኮሌታ ገጣሚ ናት። ጨርቁ በዝቶ ቦታው ሲጠብ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። ሳይቸኩሉ፣ ሳይጎትቱ፣ ጥቂት በጥቂት እየሰበሰቡ ማስገባት ነው። ዶክተሯ መጀመሪያ ስታስረዳት የገባት በዚህ በኩል ነበር። ያልገባት የልጁ ዝምታ ነው። አማቷ እማማ ኡናይሲ በዝምታው ኮርተው ለጠየቃቸው ሁሉ "የእኛ ልጅ ጀግና ነው፣ አያለቅስም" ሲሉ ሰንብተዋል። ኬሌራም አብራ ኮርታ ነበር።

"ጉሮሮው ውስጥ ያለው ቱቦ ድምፅ በሚወጣበት በኩል ነው የሚያልፈው፣" አለቻት ፕራኒታ መድኃኒቱን በቀጭኑ መስመር እየለቀቀች። "የፈለገውን ያህል ቢጮህ አይሰማንም። እኛ ፊቱን ነው የምንሰማው።"

ኬሌራ ጣቷን በልጇ መዳፍ ውስጥ አስገባች። ከወለደችው ጀምሮ የነካችው በዚያች ጣት ብቻ ነው። አቅፋው አታውቅም። ትንንሾቹ ጣቶች መጀመሪያ ተዘርግተው ደርቀው ነበር፤ ቆይተው ላሉ፤ ከዚያ ግንባሩ እየተፈታ ሄደ።

ዶክተር ቶሪካ እጇን ታጥባ ወደ መስኮቱ ጠራቻትና ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረቻት። ሞርፊኑ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ግን አንጀቱንም ሳንባውንም ያሰንፋል። አንጀቱ ቶሎ መሥራት እንዲጀምር፣ እሱም በራሱ መተንፈስ እንዲለምድ ብላ ትናንት ቀንሳው ነበር። ሲስተር ፕራኒታ ልጁን እያመመው እንደሆነ ነግራት ነበር፤ ትንሽ እንታገስ ያለችው እሷ ናት። ቢቀናው ቱቦው እስከ ነገ፣ እስከ ቅዳሜ፣ ሊወጣለት ይችላል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር።

"ቤተሰቦችሽም ጠይቀውኝ ነበር፣" አለች።

"የትኞቹ ቤተሰቦቼ?"

"ባለቤትሽና እናቱ። ቅዳሜ ዘመዶች ከካንዳቩ ደሴት ስለሚመጡ ነቅቶ ቢታቀፍ ብለው። በነሱ ቃል አይደለም የቀነስኩት፤ ግን አልዋሽሽም፣ ሳስበው እሱም ጆሮዬ ላይ ነበር።"

ዶክተሯ ቀጠለች። ሌላው መንገድ ልጁን በደንብ አስተኝቶ፣ የቀረውን አንጀት ነገ በአንድ ጊዜ አስገብቶ ቀዳዳውን መዝጋት ነው። ሕመሙ አይሰማውም። ግን ቱቦው ይቆያል፣ ለብዙ ቀን አይነቃም፣ ማንም አያቅፈውም። ማሽኑ ላይ በቆየ ቁጥር ደግሞ ሳንባው ሊታመም፣ ኢንፌክሽን ሊገባው ይችላል።

"ሕመሙን ለማስታገስ የማንንም ፈቃድ አልጠብቅም፤ እሱ የእኔ ሥራ ነው፣" አለች ዶክተር ቶሪካ። "ነገ አስተኝተን እንጨርስ ወይስ ቀስ ብለን እንቀጥል የሚለውን ግን ከእናንተ ጋር ነው የምወስነው። ተነጋገሩና ንገሩኝ።"

ኬሌራ ደረጃውን ስትወርድ ተናዳ ነበር፤ ንዴቷ ግን ቀጥ ብሎ አልቆመላትም። ቅዳሜን የጠበቀችው እሷም ናት። ልጇን ስታቅፍ የምትለብሰውን ሸሚዝ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አልጋዋ ራስጌ አንጠልጥላዋለች። መድኃኒቱ መቀነሱን ትናንት ስትሰማ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ደስ ብሏት ነበር።

አስታማሚዎች የሚቀመጡበት የቆርቆሮ ዳስ ከግቢው ጥግ ነው። እማማ ኡናይሲ ሰሌናቸው ላይ ተቀምጠው የተቀቀለ ካሳቫ ከዓሣ ጋር በሳህን እያቀረቡ ነበር። ሳኪያሲም መጥቷል። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በሁለት ጉዞ መካከል ባለችው ዕረፍት አውቶቡሱን ጣቢያ ትቶ ይሮጣል። የሹፌር ሸሚዙ በዝናብ ትከሻው ላይ ተጣብቋል። በየቀኑ ይመጣል፣ ሕፃናቱ ክፍል በር ላይ ይቆማል፣ የልጁን ፎቶ በስልኩ ያነሳል፣ ይወጣል። ከዚያ ያለፈ ቆይቶ አያውቅም።

ኬሌራ ሳትቀመጥ ጠየቀች።

"መድኃኒቱን ቀንሱለት ያላችሁት እናንተ ናችሁ?"

ሳኪያሲ "እማዬ ናት..." ብሎ ጀመረና ተወው። ካሳቫውን ሳህኑ ላይ መለሰ። "እኔም ብዬአለሁ። ዐይኑን አላየሁትም እኮ ኬሌ። ምን ዓይነት ዐይን እንዳለው አላውቅም።"

"ምን አጠፋን?" አሉ እማማ ኡናይሲ። "ልጅ እንዲነቃ መመኘት ነውር ሆነ?"

"እያለቀሰ ነው እማማ።"

"እኔም አይቼዋለሁ። ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም።"

"ድምፁ አይወጣም። ቱቦው ይዞታል። ስናወድሰው የሰነበትነው አፉን ከፍቶ እየጮኸ ነው።"

ከዚያ ዶክተሯ ያቀረበችላትን ሌላ መንገድ ነገረቻቸው፤ ነገ በደንብ አስተኝተው በአንድ ጊዜ መጨረስ። አማቷ የሳህኑን ክዳን አንስተው ገጠሙ፤ መልሰው ከፈቱት። ከዚያ ኬሌራን ሳያዩ ተናገሩ። ያን መድኃኒት እንደሚያውቁት፣ ከስሙ በፊት ሽታውን እንደሚያውቁት ተናገሩ። ባላቸው ኢሞሲ ጉበቱን ታሞ ከካንዳቩ በጀልባ ያመጡት እዚሁ ሆስፒታል ነበር።

"ሐሙስ ዕለት ሰጡት፣" አሉ። "ከዚያ ወዲያ በዐይኑ አላየኝም። አፉ ላይ የያዘው ነገር ነበር፣ ሊነግረኝ የፈለገው። ሳልሰማው ቀረ። አሁን ደግሞ ስሙን የሚወርሰውን ልጅ በዚያው ውሃ ሊያስተኙብኝ? እኔ አልስማማም።"

ኬሌራ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። ሳኪያሲም የሰማው አይመስልም፤ እናቱን ትክ ብሎ ያይ ነበር። አባቱ ሲሞት እሱ ገና ልጅ ሆኖ ደሴቱ ላይ ቀርቶ ነበር።

"ሰዎቹ ዛሬ ነው መርከብ የሚሳፈሩት፣" አለ ቆይቶ፣ ቀላል ነገር የሚናገር ለመምሰል እየሞከረ። "አክስቴ ቪሊማይና የመንደሩን ሰሌን ሁሉ ጠቅልላለች አሉ። ልጁ ሦስት ኪሎ አይሞላም፣ ሰሌኑ መርከብ ያሰምጣል። ምን ልበላቸው? ኑ ግን አትቀፉት?"

በእነሱ ወግ ሕፃን ሲወለድ የአባት ወገን ሰሌንና ጨርቅ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሁሉም ያቅፈዋል። ሳይታቀፍ የቀረን ልጅ ሰው "ማንን አጥቶ ነው?" ይለዋል። ኬሌራ ይህን ለማቃለል ልቧ አልፈቀደም። እሷ ራሷ በስንት እጅ እንደዞረች እናቷ ስትነግራት ነው ያደገችው።

"ከእኔ ጋር ወደ ላይ ይምጡ፣" አለች አማቷን። "ቁጭ ብለው ይዩት። ከዚያ የሚሉትን እሰማለሁ።"

"ቁጭ ብዬ ምን አያለሁ?"

"ፊቱን።"

እማማ ኡናይሲ ወዲያው አልተነሱም። መጀመሪያ ልጃቸው እስኪበላ ጠበቁ፤ ሳኪያሲ ወደ አውቶቡሱ ሲሮጥ በዐይናቸው ሸኙት። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

ሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ሲስተር ፕራኒታ ወንበር አቀረበችላቸው። ፕራኒታ የሸንኮራ አገዳ ገበሬ ልጅ ናት፤ ከሌላ ደሴት፣ ከላምባሳ መጥታ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው ፀጉሯ መሸበት የጀመረው። ነገሩን ከኬሌራ ፊት አነበበችውና ምንም ሳትጠይቅ፣ የማለዳው መድኃኒት ሊለቀው ስለሆነ ሌላ እያዘጋጀች እንደሆነ ነገረቻቸው። ጉሮሮውን መጥረግ አለባት፤ ከዚያ በፊት ግን ማስታገሻው መግባት አለበት።

መርፌውን እየሞላች ሳለ ልጁ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ አንድ እግሩን አጠፈ። ቀጥሎ ጣቶቹን እንደ ማራገቢያ ዘረጋ። ከዚያ አፉ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

"እማማ፣ እዚህ ይዩ፣" አለች ፕራኒታ በጣቷ ሳትነካው እያመለከተች። "ግንባሩ ሲቋጠር። ዐይኑን ሲጨምቅ። ይቺ ከአፍንጫው ጎን ያለችው መስመር ስትሰምጥ። ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ሲመጣ እሪ እያለ ነው ማለት ነው።"

እማማ ኡናይሲ ጎንበስ ብለው አዩ። ጆሯቸውን ወደ ልጁ አፍ አስጠግተው ጠበቁ። ማሽኑ ይተነፍሳል። ከአፉ ግን ምንም የለም፤ አፉ ክፍት ሆኖ ምላሱ እየተርገበገበ፣ ምንም።

"ድምፁ የት ሄደ?" አሉ፣ ማንን እንደሚጠይቁ ሳይታወቅ።

ፕራኒታ በጠብታ ማንሻ የስኳር ውሃ ምላሱ ላይ አኖረችለት። ከዚያ የእማማ ኡናይሲን እጆች ይዛ አንዱን መዳፍ በልጁ ራስ ላይ፣ ሌላውን በታጠፉት እግሮቹ ላይ አስቀመጠችላቸው። እንዳያሹት፣ እንዳይደባብሱት፣ ዝም ብለው እንዲይዙት ብቻ ነገረቻቸው። በማሕፀን ውስጥ ተሰብስቦ እንደነበረው። እማማ ኡናይሲ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ። የልጁ ጣቶች ትንሽ ተሰበሰቡ፤ ግንባሩ ግን እንደተቋጠረ ነው። መድኃኒቱ ገባ። ኬሌራ ከአማቷ ትከሻ ጀርባ ሆና ያንን ፊት ትጠብቅ ነበር። መስመሮቹ ካውያ እንዳለፈበት ጨርቅ አንድ በአንድ እየጠፉ ሄዱ። አፉ ተዘጋ።

አማቷ እጃቸውን አላነሱም።

"የኢሞሲም ግንባር እንደዚህ ነበር፣" አሉ ቀስ ብለው። "ከመስጠታቸው በፊት። እሱ ግን ይሰማ ነበር። ግቢው ሁሉ ይሰማው ነበር። ሐኪሙ እንስጠው ወይ ሲለኝ ስጡት ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማን ይበል።"

"ደግ አደረጉ፣" አለች ኬሌራ።

"ደግ ማድረጌን አላውቅም። ጩኸቱ መቆሙን ነው የማውቀው።" ወደ ፕራኒታ ዞሩ። "ይሄኛው ካልነቃስ?"

ፕራኒታ የያዘችውን መርፌ ሳህኑ ላይ አኖረች። "ቃል አልገባልዎትም እማማ። ሆዱ ከባድ ነገር ነው ያለበት፤ ነገም ከነገ ወዲያም ብዙ ነገር ሊመጣ ይችላል። ባለቤትዎ ላይ የሆነውን የሠራው በሽታው ነው፣ መድኃኒቱ አይደለም። ይሄን ልጅ የምናስተኛው ድኖ እንዲነሳ ነው። እንቅልፉንም የምንጠብቀው እኛ ነን፤ ትንፋሹ አንድ ጊዜ ቢጎድል ይሄ ማሽን ይጮሃል፣ እኔም እጮሃለሁ።"

"አንቺማ ትጮሂያለሽ፣" አሉ እማማ ኡናይሲ። "ከደረጃው ሥር ሆኜ ስትቆጪ ሰምቼሻለሁ።"

ፕራኒታ ሳቀች። ኬሌራ አልሳቀችም፤ መልሱን እየጠበቀች ነበር።

"ታዲያ ይተኛ እማማ?"

እማማ ኡናይሲ አፋቸውን አልከፈቱም። ቅንድባቸውን ብቻ ወደ ላይ አነሱ። በእነሱ ዘንድ ይህ እሺታ ነው፤ አፍ ሊለው የማይፈልገውን ቅንድብ ይለዋል። እጃቸውን ከልጁ ላይ ያነሱት ፕራኒታ ሁለት ጊዜ ከለመነቻቸው በኋላ ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዝናቡ ቆመ፤ ዘመዶቹም ደረሱ። የቆርቆሮው ዳስ በአንድ አፍታ ሞላ። የታጠፉ ሰሌኖች እስከ ወገብ ተከመሩ፣ በላያቸው የዛፍ ልጥ ጨርቅ ተዘረጋ። ቅርጫት ሙሉ የተቀቀለ ጎደሬ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ ወጣ። ሌሎች አስታማሚዎች ሳይቀሩ ተጠርተው ቀርበዋል። አክስት ቪሊማይና ከመርከቧ መናወጥ የተነሳ ሆዷ አሁንም ቦታው እንዳልገባ እየተናገረች ሰውን ታስቃለች። ሳኪያሲ ወንዶቹ ለክብር ቀን የሚታጠቁትን ጥቁር ጉርድ አገልድሞ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ በመካከላቸው ተቀምጧል። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ መቼ ነው የሚያመጡት? እሱም ላቡን እየጠረገ "ሐኪሞቹ እያዩት ነው" ከማለት ሌላ የነገራቸው የለም።

ላይ፣ በሕፃናቱ ክፍል ኮሪደር፣ ኬሌራ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ የሆስፒታሉን ሰማያዊ ካባ ለብሳ ቆማ ነበር። ማለዳ ለዶክተር ቶሪካ ውሳኔያቸውን ነግራታለች። ልጁ አሁን በደንብ ተኝቷል። ዶክተሯ መጥታ ሁሉም ዝግጁ እንደሆነ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ራስጌው ቆሞ ሊያየው እንደሚችል ነገረቻት።

"አንቺ ነሽ አይደል?" አለቻት።

ኬሌራ አዎ ልትል ነበር። ዞር ስትል ከመታጠቢያው ገንዳ አጠገብ እማማ ኡናይሲን አየቻቸው። ለክብር ቀን የሚለብሱትን ረጅም ቀሚስ ለብሰዋል፤ እጅጌውን ግን እስከ ክርናቸው ሰብስበው እጃቸውን ታጥበዋል። ውሃው ከጣታቸው ይንጠባጠባል። ልግባ ብለው አልጠየቁም። አይጠይቁምም። እዚያው ቆመው በሩን ያያሉ፤ ፊታቸው ላይ ያለውን ኬሌራ ለማንበብ አልተቸገረችም። ከዓመታት በፊት በዚሁ ግቢ ሌላ በር ላይ እንዲህ ቆመው እንደነበር ገመተች።

ካባዋን ከኋላ ያሰረችበትን ክር ፈታች።

"ይልበሱት፣" አለች።

"አንቺ እናቱ ነሽ።"

"እኔ በየቀኑ አይቻለሁ።" ካባውን በትከሻቸው ላይ አድርጋ እጅጌውን አስገባችላቸውና ከኋላቸው ሆና አሰረችው። ቋጠሮው አልሆን ብሏት እንደገና ፈታ አሰረችው። "ድምፅ አይጠብቁ እማማ። ከረጢቱንም አይዩ፣ እሱ የዶክተሯ ነው። ግንባሩን ይዩ። ከተቋጠረ ይናገሩ፤ አይፈሩ፣ አያፍሩ። ፕራኒታ ትሰማዎታለች።"

አማቷ እርጥብ እጃቸውን እንዳያቆሽሹ ወደ ላይ እንደያዙ በግንባራቸው የኬሌራን ግንባር ነካ አደረጉና ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ኬሌራ በሩ ላይ ልትቆም አስባ ነበር። እግሯ ግን ወደ ደረጃው ወሰዳት። ዳሱ ውስጥ ስትገባ ወሬው ቆመ፤ ሁሉም ክንዷን አዩ። ባዶ ነው። ሳኪያሲ ከመቀመጫው ግማሽ ተነስቶ ቀረ።

እሷው ነገረቻቸው። ዛሬ ልጁ አይታቀፍም፤ ነገም አይታቀፍም። አስተኝተውታል፣ አሁን እየሠሩለት ነው፣ እማማ ኡናይሲ ራስጌው ቆመዋል። እንዲተኛ የተደረገው ስለሚያመው ነው። ነቅቶ ቢታቀፍ የሚታቀፈው እያለቀሰ ነበር፤ እነሱም አይሰሙትም ነበር። ይህን ስትናገር ድምፅዋ አልተሰበረም፣ ራሷንም ገረማት።

"እኔ እኮ አንጀቴ እስኪወጣ ተንጬ ነው የመጣሁት፣" አለች አክስት ቪሊማይና፤ ያለችው ነገር ለራሷ ሲገባት ደንግጣ ኬሌራን አየቻት። አንዲት ሴት ሳቋን ለማፈን ሞከረች። ኬሌራም፣ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው፣ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ አንዳንዶቹ እየሳቁ ዐይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

"ነይ ተቀመጪ፣" አለች ቪሊማይና ከላይኛው ሰሌን ላይ እጥፉን እየዘረጋች። "ወላድ ቆማ አታስተናግድም። እስካሁን ማን አስቀምጦሽ ያውቃል? ጎደሬውን አምጡላት።"

በላች። በእጇ እየቆረሰች፣ የኮኮናቱ ወተት በጣቶቿ መካከል እየወረደ፣ ሰው እያያት በላች። መጨረሻ የበላችውን ምግብ ጣዕሙን እንደማታስታውስ ያወቀችው ያኔ ነው። ሴቶቹ ስለ መርከቧ፣ ስለ መንደሩ፣ ስለ አዲሱ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያወሩ ነበር። ማንም ወደ ደረጃው አላየም፤ ሁሉም ግን ጆሯቸው እዚያ ነበር።

እማማ ኡናይሲ ሲወርዱ ካባውን አላወለቁትም ነበር። የዳሱን ምሰሶ ይዘው ቆሙ። ሳኪያሲ ሮጦ ክንዳቸውን ያዛቸው።

"ገባ፣" አሉ። "ሁሉም ገባ። ዘጉለት።" ትንፋሽ ወሰዱና ወደ ኬሌራ ብቻ ተናገሩ። "አልተቋጠረም። አንድ ጊዜ፣ ሊጨርሱ ሲሉ፣ እዚህ ጋ ትንሽ የተሸበሸበ መሰለኝ። ተናገርኩ። ቆሙ። ጨመሩለት። ከዚያ ጨረሱ።"

"ቆሙልዎ?"

"ቆሙ።" ራሳቸውም ገና ያላመኑት ይመስላሉ። "ዶክተሯ ሆዱ ስለጠበበ መጪዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው ብላለች። አልደበቀችኝም። ግን ተኝቷል ልጄ። ደህና አድርጎ ነው የተኛው።"

ከወንዶቹ ትልቁ ሽማግሌ መዳፋቸውን አጎድጉደው በአክብሮት አጨበጨቡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው፤ ጥልቅና ዝግ ያለው ጭብጨባ ዳሱን ሞላው። ሽማግሌው ሰሌኖቹን ለልጁ ሰጡ፤ ስሙን ኢሞሲ ብለው ጠሩት። እማማ ኡናይሲ በልጁ ምትክ ሰሌኑን በእጃቸው ነክተው ተቀበሉ። ወጉ ሕፃን ሳይታቀፍ አለቀ፤ ማንም ጎደለ አላለም።

ቆይቶ ፕራኒታ ከላይኛው መስኮት ብቅ ብላ እጇን አውለበለበች። አሁን አንድ ሰው አጠገቡ መቀመጥ ይችላል። ሁሉም ወደ ኬሌራ ዞሩ፤ ቪሊማይና መንገድ ልትለቅላት ቅርጫቱን ወደ ጎን ገፋች። ኬሌራ ብድግ ለማለት እጇን መሬት ላይ አሳረፈች። ከዚያ ባሏን አየችው።

"ሳኪ፣ አንተ ሂድ።"

"እኔ?" አለ። ፈገግ ለማለት ሞከረ። "እኔ ምን አውቃለሁ? እናንተ ናችሁ የምታውቁት።"

"ዐይኑን አይከፍትልህም። ምንም አያደርግልህም። አንድ እጅህን ራሱ ላይ፣ አንዱን እግሮቹ ላይ አድርገህ ቁጭ ትላለህ። አትደባብሰው። እማማ ያሳዩሃል።"

ሳኪያሲ እናቱን አየ። እናቱ ካባውን እያወለቁ ነበር፤ ለልጃቸው ዘረጉለት። ሳኪያሲ ትልልቅ እጆቹን በጉርዱ ላይ ጠርጎ ተቀበላቸውና ወደ ደረጃው ሄደ፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ኋላ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ።

ኬሌራ በአዲሱ ሰሌን ላይ በጎኗ ጋደም አለች። ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉላት። ቪሊማይና የዛፍ ልጡን ጨርቅ አንስታ እግሯ ላይ ጣል አደረገችላትና፣ ጡቷን የምታልብበት ሰዓት ሲደርስ ወይስ ሐኪሟ ስትመጣ፣ መቼ እንዲቀሰቅሷት ጠየቀቻት።

"በራሴ ጊዜ እስክነቃ ተዉኝ፣" አለች ኬሌራ፤ ዐይኗን ጨፈነች።